የክንፍ ያዥዋ ዝምታ

ሙሄ ደብዳቤውን የሰጠኝ ማክሰኞ ነው። እስከ ቅዳሜ ጡቴ ሥር ወሽቄው ዋልኩ፣ አደርኩ። ለልጄ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። የደበቅኩትም እኔ ነኝ። ከዚህ በታች ያለውን ስታነቡ ይህን አትርሱብኝ፤ ራሴን ላሳምር አልተነሳሁም።

ሙሄ ከባሕር ዳር ነፋስ መውጫ ሚኒባስ ሲነዳ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። እጁን በመስኮት አውጥቶ፣ «ፈንታነሽ፣ ከሆስፒታል ነው። ልጁ በጀርባው ተኝቶ በገዛ እጁ የጻፈው ነው። ለሠርካለም ብቻ ብሎኛል» አለኝ።

«ሠርካለም እዚህ የለችም።»

«አውቃለሁ። ገሳይ ከተማ፣ እህትሽ ቤት ያደረስኳት እኔ አይደለሁም እንዴ? እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ዛሬ ሳልፍ ልስጣት?»

«አምጣ ወዲህ! እናቷ ቁጭ ብላ አንተ ምን ቤት ነህ?» ብዬ ነጠቅኩት።

«እንግዲህ አማና ነው» አለና መኪናውን አስነሳ።

አማና ማለቱ አደራ ነው ማለቱ ነው፤ ቃሏ ከወረቀቱ በላይ ከበደችኝ።

*

እኔ በጋፋት በኩል ባለው ሜዳ ላይ የተከፈተው የተንሸራታች ማሠልጠኛ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ተንሸራታች የሚሉት ሞተር የሌለውን አውሮፕላን ነው። ክንፉ ረጅም፣ ሆዱ ቀጭን ነው። ከሜዳው ማዶ ዊንች የሚባል ማሽን አለ፤ ረጅም የብረት ገመድ በኃይል ይጠቀልላል። ገመዱ ሲጎትተው አውሮፕላኑ አፍንጫውን አቅንቶ ይወጣል፣ ከላይ ገመዱን ይጥላል፣ ከዚያ በኋላ የሚያኖረው ነፋስ ነው። ድምፅ የለውም። የመጣ ሰሞን የአካባቢው ሰው የአሞራ አለቃ መጣ ብሎ ዶሮውን ሁሉ ቤት አስገብቶ ነበር።

ያቋቋሙት ሻምበል ይሻው ናቸው፤ የድሮ አየር ኃይል፣ ጡረታ ወጥተው ወደ አባታቸው አገር የተመለሱ። ወጣቶችን ካዴት ብለው ይቀበላሉ። ካዴት በፈቃዱ ሳምንቱን ሙሉ ሣር ያጭዳል፣ ከብት ይመልሳል፣ ገመድ ይጎትታል፤ ቅዳሜ ተራው ሲደርስ ይበራል። ልጄ ሠርካለም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት ያልመጣላት ጊዜ ግድግዳ ስታይ ከረመች። አንድ ቀን ምሳ ልታግዘኝ መጥታ ክንፍ ስትይዝ ዋለች። በማግስቱ ተመዘገበች። ሃያ ዓመቷ ነበር።

ክንፍ መያዝ ይህ ነው። አውሮፕላኑ ያለው አንድ ጎማ ነውና መሬት ላይ ሲሆን አንዱ ክንፉ ይተኛል። አብራሪው ተዘጋጅቶ አውራ ጣቱን ሲያሳይ ካዴቱ የክንፉን ጫፍ ያነሳል። ክንፉ ተነሳ ማለት ሁሉ ደህና ነው፣ ሂድ ማለት ነው። ገመዱ ሲስብ ካዴቱ ጥቂት አብሮ ይሮጥና ይለቃል። ደህና ያልሆነ ነገር ካየ ግን «አቁም!» ብሎ ይጮሃል። ሻምበል ይህን ሲያስተምሩ ከምድጃዬ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ «ማንም፣ ማንም ላይ መጮህ ይችላል። እኔም ላይ ቢሆን። ያለ ምክንያት የጮኸ አይቀጣም። ዝም ያለ ነው ሰው የሚገድለው።»

ሕጉ እንዲህ ነበር። ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

ዮናስ የሻምበል አንድ ልጅ ነው። አባቱ አዲስ አበባ የአብራሪዎች ትምህርት ቤት ሊያስገቡት አስበውለት ነበር። እሱ ግን ልቡ ክንፉ ጫፍ ላይ ቀረ። አውሮፕላኑ ውስጥ ተቀምጦ ቀበቶውን ሲያስር ሁልጊዜ ወደ ግራ ያያል፤ በግራ በኩል የምትይዘው ሠርካለም ናት። ሌላ ካዴት ሲይዝለት አንገቱን አያዞርም። ይህን ያየሁት ድንች እየላጥኩ ነው። እናት ድንች ስትልጥም ታያለች።

ደብዳቤም ነበራቸው። ሜዳው ላይ ስልክ አይያዝም፤ ሻምበል ሥራ ያዘናጋል ብለው ሣጥን ውስጥ ይቆልፉበታል። እነሱም በወረቀት ተጻጻፉ። ቱታዋን ላጥብ ስል አንዱን ከኪሷ አገኘሁ። ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት፤ ፊደል በፊደል እየዳሰስኩ ጨረስኩት። «ከላይ ሆኜ ሳይ ሌላው ሰው ሁሉ ነጥብ ነው። የምለየው አንቺን ብቻ ነው» ይላል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ደብዳቤ።»

«የማን?»

«ጨርሰሽው የለ እንዴ እማዬ?»

«የሻምበል ልጅ የወጥ ቤቷን ልጅ ምን ያደርጋታል?»

«ይወዳታላ!» አለችና ሳቀች። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ነው።

*

አንድ ቅዳሜ ከረባት ያሰሩ እንግዶች መጡ። ሻምበል ራሳቸው አንዱን ከኋላ አስቀምጠው ሊነሱ ገመዱ ሲወጠር ሠርካለም «አቁም!» ብላ ጮኸች። ሁሉ ነገር ቆመ። ከገመዱ አጠገብ የሚንቀሳቀስ ነገር አይታ ጥጃ መስሏት ነው። ሲቀርቡት ነፋስ የሚያንከባልለው የማዳበሪያ ከረጢት ሆነ። እንግዶቹ ሳቁ። አንዱማ፣ «ሻምበል፣ አዛዥዎ ከረጢት ነው እንዴ?» አላቸው። ፊታቸው ደም መሰለ። እሷን ግን ምንም አላሏት። ቆይተው ወጥ ቤት ብቅ አሉና፣ «ልጅሽ ጎበዝ ናት ፈንታነሽ። ግን ሰው ፊት...» ብለው ሳይጨርሱ ሄዱ።

ያልጨረሱትን እኔ ጨረስኩት። እንጀራዬ ናቸው፣ ታላቅ ሰው ናቸው፤ እኔ ያሳደግኳት ልጅ ታላቅ ሰው ላይ አትጮህም አልኩ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ድንጋይ አንገቷ ላይ ጫንኩባት። አገራችን እንዲህ ነው፤ የበደለ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፣ የተበደለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ያወርድለታል።

«እማዬ፣ ሕጉ እኮ ነው። ራሳቸው ናቸው ያሉን።»

«ሕጉን ለነሱ ተይላቸው። አንቺ ጎንበስ በይ።»

«ጥፋቴን ንገሪኝና እጎነበሳለሁ።»

«ጥፋትሽ አፍሽ ነው!»

ካዴቱ ሁሉ ቆሞ እያየ ሻምበል እግር ሥር ጎነበሰች። ዮናስ ከአባቱ ጎን ነበር። አንድ ጊዜ «አባባ፣ እሷ እኮ...» ብሎ አፉን ከፈተ። አባቱ ዞር ብለው ሲያዩት መልሶ ዘጋው። ሻምበል ድንጋዩን አወረዱላት። «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ልጄ» አሉ። ሠርካለም ቀና ስትል ዮናስን አላየችውም። መሬት መሬት እያየች በአጠገቡ አለፈች።

እኔ ኮራሁ። ልጅ አሳደግኩ አልኩ። እንዲህ ያለ ኩራት ጠላቴንም አይንካው።

*

ከዚያ ወዲያ ሥራዋን ትሠራለች፣ ዓይኗን ግን ለማንም አትሰጥም። ዮናስ ወረቀት ይልካል፣ አትመልስም። በሦስተኛው ቅዳሜ ብቻውን የሚበርበት ተራ ደረሰው። ሻይ በፔርሙዝ ይዤ ሜዳው ድረስ ሄጄ ነበርና ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ።

በክንፉ ጀርባ ላይ ፍሬን አለች፤ መውረድ ሲፈልጉ ብቅ የምትል ጠፍጣፋ ብረት። ሲነሱ መቆለፍ አለባት። ካልተቆለፈች ነፋሱ መዝዞ ያወጣትና አውሮፕላኑ ከፍታ አያገኝም። ያን ቀን አንድ ጣት ያህል ብቅ ብላ ነበር። እኔ አላወቅኩም። ልጄ አወቀች። የክንፉን ጫፍ እንደጨበጠች ደርቃ ቀረች። አፏ ተከፈተ። ሻምበልን አየቻቸው፤ ራቅ ብለው ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ከዚያ እኔን አየችኝ።

ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ሌባ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። ዛሬም ልታሳፍረኝ ነው ብዬ።

አፏን ዘጋች። ወደ ዮናስ ዞረችና ዓይኗን አፍጥጣ፣ ሙሉ ፊቷን ሰጥታ አየችው። ያን ሁሉ ቀን የተነፈገው ልጅ ያን ዓይን ሲያገኝ ፊቱ በራ። ሳቀላት። አውራ ጣቱን አነሳ። ገመዱን የሚያያይዘው አዳነ፣ «ሠርኬ፣ አንሺው እንጂ! ከመስታወቱ ውስጥ አውጥተሽ ልትስሚው ነው?» ብሎ ቀለደ። ሰዉ ሳቀ።

አነሳችው።

ገመዱ ጎተተው። ወጣ፤ ግን እንደ ወትሮው አይደለም፣ እየተጎተተ እየተንገዳገደ ነው። ገመዱን ሲጥል ከባሕር ዛፎቹ ብዙም አልበለጠም። ልመለስ ብሎ ዞረ። ሜዳው አልደረሰለትም። ድምፅ የሌለው አውሮፕላን ሲወድቅ ግን ይጮሃል።

ሁላችንም ሮጥን። ሠርካለም አልሮጠችም። ዞር ብዬ ሳያት ከነበረችበት ሳትንቀሳቀስ፣ እጇን ክንፉ በነበረበት ከፍታ ላይ እንደዘረጋች ቆማለች። እጇ ውስጥ ምንም የለም።

*

ወገቡ ተሰበረ። ባሕር ዳር ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን ሻምበል ተመልሰው ካዴቶቹን ሰበሰቡ።

«ፍሬኗ ተከፍታ ነበር» አሏት። «አላየሽም?»

«አይቻለሁ።»

«ለምን አልጮህሽም?»

እሳቸውን አይደለም ያየችው። እኔን ነው።

«እንግዲያው ልጄ ሊያይሽ አይፈልግም» አሏት። «እንዲህ በልልኝ ብሏል።»

«አይቻለሁ» ያለችው የመጨረሻ ቃሏ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አፏን ዘጋች፤ ለእህልም ለሰውም። የሰፈሩ ዓይን ሲበላት እህቴ እቴነሽ ጋ፣ ገሳይ ላክኋት። አርባ ቀን አለፈ። የዮናስ እግሮች እንደማይመለሱ በዚያ መሀል ተሰማ።

ደብዳቤውን ለምን እንደደበቅኩ አሁን ይገባችኋል። ነይ ብሎ የጠራት መሰለኝ። ከጠራት ትሄዳለች፤ አውቃታለሁ፣ የኔው ግትርነት ነው ያላት። ሄዳ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታነሳ ስታስተኛ ይታየኛል። ይርሳት፣ ትርሳው አልኩ።

ዓርብ ሻምበል ወጥ ቤት ገብተው ዱካ ሳልሰጣቸው ተቀመጡ። ከስተዋል።

«ፈንታነሽ፣ ዮናስ ለልጅሽ ደብዳቤ ልኮ ነበር። መልስ ቀረብኝ ብሎ ምግብ ትቷል።»

ምድጃው ላይ እንጨት ጨመርኩ።

«አላይሽም ብሏል ያልኳት እኔ ነኝ። እሱ አላለም። ስሟን ነበር የሚጠራው። ንዴት ነው ያናገረኝ።»

«ደብዳቤው እኔ ጋ ነው ሻምበል» አልኩ። «አልሰጠኋትም። የአንቱ ልጅ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ግን ልጄ ለአልጋ እንድትዳር አልፈልግም።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም ለሰው ልጅ እንዲህ አልመኝም» አሉ። ከዚያ በሩ እንዳይዘጋ ወደማስደግፍበት ድንጋይ አዩ። ያ ድንጋይ ነው፤ ከዚያ እሑድ ወዲህ በሩ ላይ ነው የዋለው። «ያን ቀን ከአንገቷ ሳወርደው፣ ሕጉ እንዲህ አይደለም፣ ልጅቷ አላጠፋችም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ደስ ብሎኝ ነበር ፈንታነሽ። መከበሬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ሁለታችን ለማልቀስም አፈርን።

*

ቅዳሜ ድንጋዩን በነጠላ ጠቅልዬ ሙሄ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ። «ገሳይ ድንጋይ አልቆባት ነው?»

«አንተ ንዳ።»

«ለወፍጮ ነው እንዴ እትዬ?» አለች ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት።

«ለአንገት ነው» አልኳት። መኪናው ሙሉ ሳቀ። ሙሄ አልሳቀም። በመስታወቱ አየኝ።

«አማናውስ?»

«ጡቴ ሥር ነው።»

«እስካሁን? አላህ ይይልሽ ፈንታነሽ!» ገሳይ ሲያወርደኝ፣ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ በዚህ አልፋለሁ፣ ባሕር ዳር ነው የማድረው። ከሞላ ግን አልቆምም፤ አስፋልት ላይ ጠብቁኝ» አለኝ።

እህቴ እቴነሽ ግቢ ስገባ ሠርካለም ከግንቡ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ከስታለች። ቀና ብላ አይታኝ ወደ ምስሯ ተመለሰች። ድንጋዩን ፈታሁ። ማጅራቴ ላይ ጫንኩና ከፊቷ ጎነበስኩ።

«ኧረ በሥላሴ!» ብላ ጮኸች እቴነሽ። «እናት ለልጅ ድንጋይ ትሸከማለች? ምን ዓይነት ነውር ነው? ተነሽ፣ ሰው አየን!»

«ይየን። እሷንም ሰው እያየ ነው ያስጎነበስኳት።» ከዚያ ለልጄ ተናገርኩ፤ ፊቷ አይታየኝም፣ የሚታየኝ መሬቱና የላስቲክ ጫማዋ ነው። «አፍሽን የዘጋሁት እኔ ነኝ። በድንጋዩም፣ በጣቴም። ወገቡን የሰበርኩት እኔ ነኝ እንጂ አንቺ አይደለሽም። ሻምበልም ዋሽተውሻል፤ አላያትም አላለም። እኔም ደብዳቤሽን ከማክሰኞ ጀምሮ ደብቄብሻለሁ። ይኸው።»

ወረቀቱን በአንድ እጄ ዘረጋሁ። ወሰደችው። ፖስታው ሲቀደድ ሰማሁ። ለብቻዋ ታነባለች ስል ድምፅ መጣ፤ የሻከረ፣ ዝገት የያዘው ድምፅ። አርባ ቀን ያልሰማሁት ነው። እኔ እንድሰማ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ሠርኬ፣ ፍሬኗን መቆለፍ የኔ ሥራ ነበር። ቀበቶ፣ መሪ፣ ፍሬን፣ መስታወት፤ ሁልጊዜ በቃሌ የምለው ነው። ያን ቀን ፍሬኗ ላይ ስደርስ ወደ አንቺ ዞርኩና ረሳኋት። ዓይንሽን አየሁት። ድንጋዩን ከተሸከምሽ ወዲህ ነፍገሽኝ ነበር። የታረቅሽኝ መሰለኝ። እወድሃለሁ ያልሽኝ መሰለኝ፣ ደስ ብሎኝ ጣቴን አነሳሁ። ምን እያልሽኝ እንደነበር የገባኝ እዚህ ተኝቼ ጣሪያ ሳይ ነው። አባቴ ፊት መጀመሪያ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። እግሮቼ አይሰሙኝም፤ ሐኪሙ አልሸሸገኝም። ስለዚህ ነይ አልልሽም። በሐዘኔታ ከሆነ አትምጪ። ከመጣሽ ግን ከእንግዲህ ዓይንሽን አላምነውም። እወድሃለሁም ከሆነ፣ በቃኝም ከሆነ፣ በድምፅሽ ንገሪኝ።»

እቴነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አንገቴ ይቆረጠማል። አልተንቀሳቀስኩም።

ጫማዋ ሁለት እርምጃ ወደኔ መጣ። ክብደቱ ከማጅራቴ ተነሳ። ቃሉን ጠበቅኩ፤ ድንጋይ ሲወርድ አብሮ የሚባለውን። አላለችውም። ድንጋዩን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ቀና ስል ፊቷ ላይ ጭካኔ የለም፤ ድካም ነው ያለው።

«ሄጄ ምን እንደምለው አላውቅም» አለች።

«እግሩ እኮ...» አልኩ። እናት ነኝ፣ አሁንም አላስቻለኝም።

«ሰምቻለሁ እማዬ። ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

የመኪና ጥሩንባ ከላይ ተሰማ። ሙሄ ነው፣ ከነፋስ መውጫ እየወረደ። ሠርካለም ነጠላዋን ከገመድ መንትፋ ወጣች። በአጥሩ በኩል አየኋት፤ በዚያ በከሳ እግሯ አስፋልቱ ድረስ ሮጠች። መኪናው ጢም ብሏል፣ ሊቆም አላሰበም። አልፏት ሄደ። መሀል መንገድ ላይ ቆመች፣ ደረቷን ሞላችና፣

«አቁም!»

ገሳይ ሙሉ ሰማው። ውሾች ጮሁ። ጎማ ሲፋጭ ተሰማ። ያ ድምፅ በዚያ ቅዳሜ ሜዳው ላይ መውጣት የነበረበት ድምፅ ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ የኖረ።

ሙሄ በሩን ከፍቶ ሰዉን ሲያጠጋጋላት አየሁ። ወደኋላ አላየችም።

ጎረቤት ሁሉ ከየበሩ ወጣ። «ምነው? ማን ሞተ?» ብለው ጠየቁን።

«ማንም አልሞተም» አልኳቸው። «ልጄ ናት። መኪና እያስቆመች ነው።»

ከዚያ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።